ሰባተኛው ማይክሮስኮፕ

መስከረም 18

የጠዋት ፈረቃ። አራት ክፍለ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ሦስት ተማሪ። የ11ኛ ሐ ሁለት መስኮቶች አሁንም በካርቶን ተሸፍነዋል።

ከእረፍት በኋላ ርእሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ትምህርት ቤቱ በሚያዝያ ሃምሳ ዓመት ይሞላዋል፤ ታሪኩ በመጽሐፍ ይውጣ ተብሏል። «ሌላ ማን ይጽፈዋል? ነጠላ ሰረዝ ሲጎድል እንቅልፍ የሚያጣው አንተ አይደለህ!» አሉ። ተቀበልኩ። ትእዛዙ ግን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ እንዲሆን ጠየቅኩ። ሳቁ። ሰጡኝ።

ተማሪዎቹ በሌለሁበት «ጋሽ ግርጌ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ የግርጌ ማስታወሻ የሌለው የቤት ሥራ ስለማልቀበል። ቅር አይለኝም። የሥራውን ደንብ ዛሬውኑ አረቀቅኩ፦ ሁለት ነጻ ምንጮች ያልመሰከሩለት ነገር መጽሐፉ ውስጥ አይገባም።

ጥቅምት 4

መዝገብ ቤት ተብሎ የተሰጠኝ ክፍል የድሮ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነው። የተቀደደ የመረብ ኳስ መረብ፣ አየር የሌላቸው ኳሶች፣ ከሥራቸው ሃያ ሁለት ካርቶን ወረቀት።

እስካሁን የተረጋገጠው፦ ትምህርት ቤቱ የተጀመረው በከተማው ጫፍ፣ የአውቶቡሱ መስመር በሚያልቅበት፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለ ሜዳ ላይ፣ በሦስት የቆርቆሮ ክፍሎች ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የፋብሪካው ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። ወንበር ከቤታቸው ይዘው ይመጡ ነበር፤ ወንበር የሌላቸው ጡብ። ዝናብ ሲጥል መምህሩ ስለማይሰማ ዝም ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር። (ሁለት ምንጭ አለው።)

ከአንድ ዴስክ ላይ የሦስት ትውልድ ስድብ ቆጠርኩ። ስሞቹ ይለያያሉ። ስድቡ አንድ ነው።

ጥቅምት 11

የዲሲፕሊን መዝገቡን አገኘሁ። ገጽ 88፣ የዛሬ ሃያ አራት ዓመት። አንዲት የ10ኛ ለ ተማሪ «ቁጥር 7 ማይክሮስኮፕን ከቤተ ሙከራ ሰርቃ በመገኘቷ» በቋሚነት ተሰናብታለች። «በመገኘቷ» ይላል... ማይክሮስኮፑ ግን እንዳልተገኘ ከዚያው ከሥሩ ተጽፏል። ምስክር አንድ፦ የቤተ ሙከራው መምህር። ዛሬ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው።

የጽዳት ሠራተኛዋ ልትጠርግ ገባች። ሦስት ዓመት በየቀኑ «ደኅና አደሩ» ተባብለናል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረም። ልጇ 11ኛ ሐ ናት፤ ሦስተኛ ረድፍ፣ ዝምተኛ፣ የእጅ ጽሑፏ ጥንቁቅ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ቆመች።

«ሰማያዊው መዝገብ ነው?»

«ነው።»

«ገጽ ሰማንያ ስምንት» አለች። «እኔ ነኝ።»

ምን ይባላል? «አዝናለሁ» ያልኩ ይመስለኛል። ዕቃውን በእጇ እንኳ ነክታው እንደማታውቅ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም እዚያው ግምጃ ቤት ውስጥ እንደተገኘ ነገረችኝ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መንገድ ላይ አግኝተው ሹክ ብለዋታል። ማንም ግን አልጠራትም።

«ታዲያ እዚህ ሥራ እንዴት ገቡ?»

«ልጄ እዚህ ደረሳት። እኔ ያቋረጥኩትን እሷ ስትጨርስ ዓይኔ ይይ ብዬ። ማንም አያውቅም፤ እሷም ራሷ አታውቅም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «መጽሐፍ ይጽፋሉ አሉ። አንዲት መስመር ትበቃኛለች፣ መምህር። ስሜን አይጥሩብኝ። ዕቃው ተገኝቷል ብቻ ይበሉልኝ።»

«ማስረጃው ከተገኘ» አልኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ!» ቃል እንደገባሁ ቆጠረችው። ቃል አልገባሁም። ቅድመ ሁኔታ ነው ያስቀመጥኩት።

ጥቅምት 20

ተገኘ። አሥራ ሰባተኛው ካርቶን፣ የንብረት ቆጠራ ቅጽ፦ «ማይክሮስኮፕ ቁ. 7፤ ግምጃ ቤት፣ የተቃጠሉ አምፖሎች ሣጥን ውስጥ። ደኅና ነው።» ፊርማ፦ የንብረት ክፍል ኃላፊ።

ከግቢው ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው? ረጋ በል። አንድ ሰው፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ ፊርማ። ተወስዶ በኋላ ተመልሶ ሊሆን አይችልም? ይችላል። ሁለተኛ ምንጭ ያስፈልጋል።

ጥቅምት 21

ነገርኳት። ባልዲውን ደፍታ ላዩ ላይ ቁጭ አለች።

«ተመስገን። ተጻፈ በሉኛ!»

«ምንጩ አንድ ነው። ደንቤ ሁለት ይላል።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ባለጉዳይ ነዎት። ባለጉዳይ ለራሱ አይመሰክርም።»

«ያኔ የመሰከረብኝስ ስንት ሰው ነበር?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መዘገብኩት።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በሕይወት አሉ፤ ከአውቶቡሱ ማዞሪያ በላይ ይኖራሉ። «ዛሬውኑ ይሂዱ፤ እሳቸው ደክመዋል» አለችኝ። መጠይቅ ሳላዘጋጅ? ያልታሰበበት ጥያቄ ምስክርን ያበላሻል።

ኅዳር 3

መጠይቁ አሥራ አራት ጥያቄ ሆነ። ዘጠነኛው መልስ ይጠቁማል፤ መስተካከል አለበት።

እስከዚያው ጊዜ ላለማባከን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ፦ «ከሃያ አራት ዓመት በፊት ከማይክሮስኮፕ መጥፋት ጋር ተያይዞ ከ10ኛ ለ የተሰናበተችውን ተማሪ ጉዳይ የሚያስታውስ ሰው ካለ ለታሪክ ክፍል እንዲያሳውቅ።» በየክፍሉም ቤተሰቦቻቸውን እንዲጠይቁ አሳሰብኩ።

አስቀድሜ ለእሷ መንገር ነበረብኝ? ስም የለበትም እኮ...

ኅዳር 7

አወቁ።

የአንዱ ተማሪ አክስት 10ኛ ለ ነበረች። «ያቺማ እዚያው ትጠርግላችሁ የለ እንዴ!» ብላዋለች። ከጠዋት ሰልፍ በፊት ግቢው በሙሉ ሰምቷል።

አንደኛው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ልጅቷ ስትገባ ክፍሉ ጡጫውን እንደ ቧንቧ ጠቅልሎ ዓይኑ ላይ አደረገ፤ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ በአንዱ እሷን እያየ። ሃምሳ አንድ ልጅ። አንድም የተናገረ የለም። እሷ ምን እንደሆነ አልገባትም። ጨዋታ መሰላት። ፈገግ ብላ እሷም እጇን ዓይኗ ላይ አደረገች።

ያን ጊዜ ነው ሳቁ የፈነዳው።

በእረፍት ላይ አንዷ ነገረቻት። ከዚያ ወዲያ ባለፈችበት ሁሉ፦ «ቦርሳ ቦርሳችሁን ያዙ፣ ሰባተኛዋ መጣች!»

ሃምሳ አንድ ብያለሁ። በስም ጥሪው መሠረት ሁለት ቀሪ ነበሩ። አርባ ዘጠኝ።

ኅዳር 8

እናትየው ኮሪደሩን እየወለወለች አገኘችኝ።

«ስሜን አይጥሩብኝ ነበር ያልኩት።»

«አልጠራሁም።»

«አዎ» አለች። «አልጠሩም።»

ውኃውን ለመድፋት ሄደች። ማስታወቂያውን ነቀልኩ። የተነቀለበትን ቀን መዘገብኩ።

ኅዳር 24

ወደ ንብረት ክፍሉ ኃላፊ ቤት ሄድኩ፤ መጠይቁን በሦስት ቅጂ ይዤ። ግቢው ውስጥ ወንበር ተደርድሯል። ከቀበሯቸው ስድስተኛ ቀን።

ታላቅ ልጃቸው ተቀበለኝ። «የማይክሮስኮፕ ነገር? ውይ... ያቺን ልጅ በላናት እያሉ ስንቴ እንዳነሡ! እስከ መጨረሻዋ ቀን አፋቸው አልተያዘም። ምነው መምህር፣ ሳምንት ቀደም ብለው ቢመጡ?»

ልብ ማለት ይገባል፦ ልጅየው የሰማው ከአባቱ ነው። ነጻ ምንጭ አይባልም። አሥራ አራቱን ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ። ዘጠነኛው በጣም ጥሩ ሆኖ ነበር።

ታኅሣሥ 15

የመምህራን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተገኘ፤ ስንብቱን ከነምክንያቱ ያጸናል። እንግዲህ ለስርቆቱ ሁለት ሰነድ አለ። ለዕቃው መገኘት አንድ።

ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳላስበው አነሣሁት። የሒሳብ መምህሩ ዳቦውን አስቀመጠ።

«አንተ ግርጌ፣ ና ሒሳብ ላስተምርህ። መዝገቡንም ቃለ ጉባኤውንም ያስሞላው ያው አንድ የቤተ ሙከራው ሰውዬ ነው። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ቢፈርም ሁለት ሰው ሆነ?»

«ሁለት ሰነድ ነው።»

«አንድ ሲደመር አንድ፣ አንድ! ጻፈውና ግርጌ ላይ ስሜን አድርግልኝ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ትክክል ነው። ግን ሰው እያሳቀ የሚናገረው ነገር የምርምር ዘዴን ይለውጣል?

ጥር 9

ረቂቁ ለኮሚቴ ቀረበ። ርእሰ መምህሩ፣ የድሮው የቤተ ሙከራ መምህር ሰብሳቢው፣ እኔ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይሄ የቆጠራ ወረቀት ስንት ምንጭ አለው?»

«አንድ፣ ጋሼ።»

«ስንብቱስ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያከራክረን? ደንቡ የራስህ ነው።»

ሁለቱንም መተው እንደሚቻል ሐሳብ አቀረብኩ። ሰብሳቢው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታሪክ ሊደበቅ? የኔ ልጅ፣ ይኼን ከአንተ አልጠበቅኩም።»

የቆጠራው አንቀጽ ወጣ። የስንብቱ ቀረ። ልከራከር እችል ነበር? እችል ነበር። በምን? ደንቡ እውነት የራሴ ነው...

ስወጣ ርእሰ መምህሩ ተከትለውኝ ስለ ምክትልነቱ ክፍት ቦታ አነሡ። ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት እንዳለው ማረጋገጫ የለኝም።

የካቲት 2

የልጅቷን ዴስክ ወደ ጥግ ገፍተውታል። «የትምህርት ቤቱ ንብረት፣ ቁ. 7» ብለው በምስማር ቀርጸውበታል። ከትምህርት ሰዓት በኋላ እናትየው በቢላ ስትፍቀው አየሁ። በማግስቱ ጠለቅ አድርገው እንደገና ቀርጸውት ነበር።

ሚያዝያ 14

በዓሉ። ንግግር፣ ፎቶግራፍ፣ ጭብጨባ። መጽሐፉ ለየክፍሉ ሃያ ሃያ ቅጂ ታደለ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ የፊደል ስህተት አላየሁበትም። ገጽ 61፦ «በዚሁ ዓመት አንዲት የ10ኛ ለ ተማሪ ማይክሮስኮፕ በመስረቋ ተሰናብታለች።» ከሥሩ ሁለት የግርጌ ማስታወሻ።

ንግግሩ ሳያልቅ ከኋላ ወንበሮች «ስልሳ አንድ! ስልሳ አንድ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። እንግዶቹ የትምህርት ቤቱ መፈክር መስሏቸው አጨበጨቡ። የጽዳት ሠራተኛዋ ትርፍ ወንበሮቹን እያጠፈች ነበር። ማጠፏን አላቋረጠችም።

ሚያዝያ 20

ልጅቷ መዝገብ ቤት ድረስ መጣች። መጽሐፉን ይዛለች።

«ወረቀቱ አለ አሉ፣ መምህር። ዕቃው መገኘቱን የሚለው። እማዬ ነገረችኝ።»

አስቀድሜ አስቤበት ነበር። ለመጽሐፉ የሚገባ የማረሚያ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፤ ከእኔ በቀር ያየው የለም። ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፦ «በገጽ 61 የተጠቀሰው ድርጊት ስለመፈጸሙ ያሉት ማስረጃዎች በሙሉ አንድ ዓይነት ድምዳሜ ላይ የሚያደርሱ ናቸው ለማለት አዳጋች መሆኑን...»

«‹አልሰረቀችም› የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም።»

«አንድ ቃል እኮ ናት። እርስዎ ይጻፏትና ይፈርሙባት። ነገ ሰልፍ ላይ እኔው አነባታለሁ። ለሌላው አያስቡ።»

ብዕሯን አቀበለችኝ። ተቀበልኩ። ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከውጭ የኳስ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ማረጋገጥ አልችልም» አልኩ።

«ግን ያምናሉ?»

«እምነት ምንጭ አይሆንም።»

ብዕሯን ከእጄ ወሰደች፤ ክዳኑን ገጠመች። ማረሚያውን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች። በሩ ላይ ዞር ብላ፦ «ደኅና ይዋሉ፣ ምክትል ርእሰ መምህር።»

ሹመቱ ገና አልተለጠፈም። ከማን ሰማች?

ግንቦት 3

ስም ስጠራ የእሷ ተራ ደረሰ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ፦ «ተሰርቃለች!»

ሁለት ሳምንት ሆናት። እናትየውም ደመወዟን ሳትወስድ ቀርታለች ይላሉ። ቀሪ ብዬ ምልክት አደረግኩ።

ሰኔ 6

የዓመቱ ፈተና አልቋል። ልጅቷ አልተፈተነችም። የመዝናኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የኳስ ውድድሩን ያሸነፈው ክፍል ስሙን «ስልሳ አንዶች» ብሎ ጽፏል፤ ርእሰ መምህሩ ቆንጆ ነው ይቆይ ብለዋል።

ከፋብሪካው በታች ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ማረሚያውን ልሰጣት? ምን ልላት? አላወቅኩም። መጠይቅ አላዘጋጀሁም። በሩን የከፈተችው ሌላ ሴት ናት፤ እጇ ሳሙና ነው።

«ሄደዋል። ከወር በላይ ሆናቸው።»

«ወዴት?»

«ማን ልበል እርስዎን?»

«ከትምህርት ቤቱ ነኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ከትምህርት ቤቱ የመጣ ሰው ካለ አላውቃትም በይልኝ ብላኛለች።» እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ «እና አላውቃትም» አለችና በሩን ዘጋችው።

ሰኔ 7

አልሰረቀችም።