ምላጭና ክኒን

የካቲት 12፣ 1978

ገበያ ስለነበር ጸጉር ቤቴ ሞልቶ ዋለ። ጉልበቴ ግን መቆም እንቢ አለ። ጤና ጣቢያ ደርሼ ነጭ ክኒን ይዤ መጣሁ። ማታ ልጄ ጅብሪል ብቅ አለ። ሚስቱ ዙህራ ለሰኔ ትወልዳለች ይላሉ። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ... እንደ ደንባችን በሰባተኛው ቀን ጸጉሩን የምላጨው እኔ ነኝ። የዚህን ከተማ ሕፃን ግማሹን ላጭቼ የራሴን ለሰው ልሰጥ?

መጋቢት 3

ክኒኑ ጉልበቴን አሽሎት ጨጓራዬን ያዘኝ። ሂርና ከተማ ለቅሶ ሄጄ ሳለ አቃጠለኝና እዚያው አንድ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ቢጫ ክኒን። ነጩን እንደምውጥ አልነገርኩትም። ሐኪም ፊት የሌላ ሐኪም መድኃኒት ማንሳት ነውር አይደል? እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ የማዶውን ጸጉር አስተካካይ የነጋሽን እጅ የሚያመሰግን ደንበኛ ቢመጣስ ደስ ይለኛል?

ሚያዝያ 2

እጄ ይንቀጠቀጣል። ምን ጉድ ነው? ወዳጄን መስዑድን ጉንጩ ላይ ቆረጥኩት። "ምንም አይደል አቦ" አለ፣ ደሙን በፎጣ ይዞ።

ሚያዝያ 5

መስዑድ ነጋሽ ጋ ተቀምጦ አየሁት። ፊቱን አዞረ። እኔም አዞርኩ።

ሚያዝያ 9

ጤና ጣቢያ ሌላ ሐኪም ነው ያገኘሁት፤ የበፊቱ ተዛውሯል። ወጣት ነው። እጄን አየና እርጅና ነው ብሎ ለመንቀጥቀጡ ሌላ ጨመረልኝ። ሌላ ምን ትውጣለህ ያለኝ የለም። ሦስት ሆኑ። ሚስቴ ሀሊማ በፌስታል አድርጋ ራስጌዬ ሰቀለችልኝ።

ሚያዝያ 20

አፌ ደረቀ። መስጊድ ብዬ ወጥቼ... አስፋልቱ ዳር ቆሜ ተገኘሁ። ማን መልሶ አመጣኝ?

ሚያዝያ 24

ጅብሪል መጣ። በነገር ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ቆይቶ፣ ሕፃኑን ነጋሽ ቢላጨውስ አለኝ። "አባ፣ የሕፃን አናት ለስላሳ ነው።" ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የገደለኝ። ከሄደ በኋላ አለቀስኩ።

ግንቦት 1

ነገ ሮመዳን ነው። ሐኪሙ መጾም ይቅርብህ ብሎኛል። ሼኩም ለበሽተኛ ይፈቀዳል አሉ። ሀሊማም "ጃርሳ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ከማን ጋር ነው እልሁ?" አለች። ሁሉንም እሺ አልኩ። እጾማለሁ። ምላጬን ቢወስዱብኝ ጾሜን አይወስዱብኝም።

ግንቦት 9

ቀን ክኒን የለም። ማታ ሾርባዬን ጠጥቼ ትዝ ካለኝ እውጣለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ትዝ አይለኝም። ጉልበቴ አሳሩን ያሳየኛል። ግን ከተራዊህ ሶላት ብቻዬን ተመለስኩ። መንገዱ አልጠፋኝም።

ግንቦት 19

ኢፍጣር ላይ ሀሊማ እጄን እጄን ታየኛለች። "ምነው?" ብላት ሻዩን እንዳላፈሰስኩ ነገረችኝ። ሁለታችንም ብርጭቆውን አየነው። እርጅናም ይጾማል እንዴ?

ግንቦት 26

ፌስታሉን ይዤ ወጣቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ክኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። የትኛው ቀደመ አለኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ አስረዳኝ፤ ነጩ ጨጓራን ይነካል፣ የጨጓራው እጅን ያንቀጠቅጣል፣ የእጁ ደግሞ ሽማግሌን ያስረሳል።

"ሦስቱን አብረው እንደሚውጡ ማን ያውቅ ነበር?"

"አላህ" አልኩት።

አልሳቀም። "እኔ መጠየቅ ነበረብኝ" አለ። ሦስቱንም አስተወኝ፤ ለጉልበቴ የሚቀባ ሰጠኝ። ሁለተኛ ግን ሳልነግረው በራሴ እንዳላቆም አስጠነቀቀኝ። ስወጣ ወረፋ የያዙትን ሽማግሌዎች አየሁ። ፌስታል ያልያዘ የለም። ከእነዚህ ውስጥ አርጅተሃል ተብሎ የተመለሰ ስንቱ ይሆን?

ግንቦት 30

የኢድ ዋዜማ። መስዑድ ገብቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። አንገቱን ቀና አደረገ። እኔም በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ላጨሁት። ስለ ነጋሽ አላነሳንም።

ሰኔ 14

ሴት ናት። ኩብራ ብለናታል። ዛሬ ሰባተኛ ቀኗ ነው፤ ሀሊማ ጭን ላይ ተኝታለች። ምላጩን ሳነሳ ጅብሪል ክርኔን ያዘ። አልተቆጣሁም፤ እኔም ብሆን እይዝ ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ከጆሮዋ ጀርባ ስደርስ ጅብሪል እጁን ከክርኔ አነሳ። ኩብራ እስክጨርስ ድረስ አልነቃችም።