ሳልለው የቀረሁት ቃል

ሮቢት፣ ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው፤ ማሽላውን ዘርተን ዝናብ እየጠበቅን ነው። ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ጸሐፊ ልጥራ ብል ሮቢት ሁሉ ሳይመሽ ይሰማዋል። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሽኝ፤ አንቺ ከእኔ የበለጠ ተምረሻል፤ ከአምስተኛ ክፍል ባላስወጣሽማ የት በደረስሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ህንዱ መምህር ቲያትር አዘጋጁ። የአገራቸው ሰው በዚህ በእኛ ዘመን የጻፈው ነው፤ እሳቸው ከተማሪዎቹ ጋር ወደ አማርኛ መለሱት። ስለ አንዲት ሙሽራ ነው። በእነሱ አገር ጥሎሽ የሚሰጠው የሴቷ አባት ነው ሲሉኝ ሳቅሁ። ኋላ ግን ሳቄ ጠፋ። አባትሽ ያመጣው አነሰ እያሉ አማቶቿ እንደ አህያ ይጭኗታል፤ ባሏ እጇን በእሳት ያቃጥላታል። ሸሽታ አባቷ ቤት ትገባለች፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይመልሷታል።

ለሽማግሌነት የተመረጡት ተማሪዎች የጥጥ ጢም ለጥፈው ቢወጡ ያየ ሁሉ በሳቅ ሞተ። ስለዚህ መምህሩ እውነተኛ ሽማግሌ ፍለጋ እኔና ጎረቤታችን ሐሚድ ዘንድ መጡ። ሐሚድ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለእኔ ግን አንድ ቃል ተሰጠኝ፦ «ልጄ፣ ቤትሽ የባልሽ ቤት ነው፤ ተነሺ እንመልስሽ።» ሳምንት ሙሉ ከበሬዎቹ ኋላ እየሄድኩ ሳጠናው ሐሚድ ሰማኝና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ያለፋሃል? ይህን እኮ ማጀቴ ከተማ ድረስ ሄደህ ለልጅህ ሁለት ጊዜ ብለኸዋል!» ብሎ ሳቀ። ሁለት ቀን አላናገርኩትም።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል፤ እንግዶች ከፊት ወንበር ላይ ናቸው። ሙሽራይቱን የሆነችው የፖሊሱ የሀይሉ ልጅ ፈለቀች ናት። የተቃጠለ እንዲመስል እጇን በቀይ ቀለም ቀብተዋታል። መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። በልምምድ ጊዜ ጫማዬን ነካ አድርጋ ትነሳ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቴን ጨብጣ ያዘችኝ። አንቺም ባለፈው ጥቅምት እንዲሁ ነበር የያዝሽኝ። ጣቶችሽን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ነው ያስነሳሁሽ።

መምህሩ ከመጋረጃው ኋላ ቃሉን ያንሾካሹኩልኛል፤ የረሳሁ መስሏቸዋል። አልረሳሁም። ብድግ አልኩና፣ «አትሄድም!» አልኩ። «የሚወስዳት ካለ ይምጣና ከእኔ እጅ ይውሰዳት!» ባል የሆነው ተማሪ ወደ መጋረጃው ዞሮ መምህሩን ይፈልግ ጀመር። ከኋላ ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ «ሽማግሌው ጠጥተዋል መሰለኝ!» ይላል። ዝም በል የተባለው ሐሚድ ደግሞ «ወላሂ፣ እውነቱን ነው!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። ቲያትሩ እዚያው ላይ ቀረ። ዳይሬክተሩ በእንግዶች ፊት አዋረድከን ብሎ ጮኸብኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው አንተ እያለኝ ነው።

መምህሩ ግን አልተቆጡም። ቃሉን ብናገር ኖሮ ቀጥሎ ምን ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። መጽሐፉን ገለጡና፣ «ትመለሳለች። በሳምንቱ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ያገኟታል» አሉኝ። ማን ጣላት ብላቸው፣ «መጽሐፉ አይናገርም። ሽማግሌዎቹ ግን ለቅሶ ይመጣሉ» አሉኝ።

እኔ ለቅሶ አልመጣም፣ ልጄ።

ይህን የምታደርስልሽ የሐሚድ እህት ሐጂራ ናት፤ ለማጀቴ ገበያ ትወጣለች። አንብበሽ እሳት ውስጥ ክተቺው። ሐሙስ ረፋዱ ላይ እኔና ሐሚድ ደጃችሁ እንደርሳለን። ለእርቅ አይደለም። ባልሽ በግ ቢያርድ አልቀምስለትም፤ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ቢወድቅም አልሰማውም። ወንዙ ሳይሞላ መመለስ አለብን፤ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ልጅሽን አዝለሽ ጠብቂኝ። የእናትሽን አልጋ አዲስ ጠፍር አስገብቼበታለሁ። ሰው ይስቅብሃል ይሉኛል፤ ይሳቁ፣ ከአዳራሹ ወዲህ ለምጄዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ነፍሷን ይማረውና የእናትሽ የፊት ጥርስ የወለቀው በቅሎ ረግጣት ነው እያልኩ ነው ያሳደግሁሽ። በዚያ ዘመን በቅሎ አልነበረንም። እሷንም ሦስት ጊዜ እየመለሰ ያመጣልኝ አባቷ ነበር።

እመቤቴ ማርያም በጥላዋ ትከልልሽ። ትንሿን ፊደል ለመቁጠር ታብቃልሽ። እስከ ሐሙስ ድረስ የሰው እጅ አይንካሽ።

አባትሽ