እንደ እህት ማልቀስ

ጥቅምት 3፣ ጠዋት

እትዬ መድኃኒቷን ዋጠች፤ አጥሚቱን መለሰች። ትራሷን ገለበጥሁላት። ፍኖተ ሰላም ያሉት ሐኪሞች ወደ ቤት ውሰጃት ካሉኝ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀን። ቡሬ ዳር ያለው የአባታችን ቤት ጠያቂ በጠያቂ ሆኗል፤ ግማሹ እሷን ሊጠይቅ፣ ግማሹ እኔን ሊያይ።

አዘጋጁ ከአ.አ. ደወለ። የድራማው ቀረጻ ሊጀመር ነው። መቼ ትመጫለሽ አለኝ በትሕትና። ለዚህ ጥያቄ ጨዋ መልስ የለውም፣ ማስታወሻዬ። እህቴ ስትሞት ልበለው?

አንተ አዲስ ደብተር ነህና አታውቀኝም። እኔ ወ/ሮ ደራሽ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት በቴሌቪዥን፣ ከዚያ በፊት በመድረክ። ደራሽ በድራማው የማታውቀው ሰው ለቅሶ ቤት እየገባች፣ ደረቷን እየደቃች፣ አፍንጫዋን እየነፋች፣ ሙሾ እያወረደች ንፍሮ የምትበላ ሴት ናት። አገር ሳቀባት። ሽንኩርት ስገዛ እንኳ "አልቅሺልን እንጂ!" ይሉኛል።

ጥቅምት 7፣ ከሰዓት

እትዬ ነቃ ብላለች። ስለ ኪነት ቡድኑ አነሳች። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የወረዳው ኪነት ሲመርጠኝ አባታችን እግሯን እሰብራለሁ አለ። በጓሮ ያስወጣችኝ እሷ ናት፤ ጠበል ሄዳለች ብላ የዋሸችም እሷ። ሦስት ሳምንት የፈጀ ጠበል! ዱላው ለእሷ ደረሰ፣ ጭብጨባው ለእኔ።

ከዚያ ቃል አስገባችኝ። ስትሞት ከመሐል ቆሜ የማለቅስላት እኔ ነኝ። እንደ ደራሽ ሳይሆን እንደ እህት። ስንት ክፍል ይሁንልሽ አልኋት። ሳቀች፤ ሳቋ ጎኗን ወጋት። ቃል ገባሁ።

ጥቅምት 12

ረፋድ ላይ አረፈች። እጇ እጄ ውስጥ። ሌላ አልጽፍም።

ጥቅምት 14

ጻፊው።

ቀብሯ ትናንት ነበር። ሜዳው ላይ ሴቱ ክብ ሠራ። ቀሚሷን ታቅፌ መሐል ገባሁ። የመጀመሪያውን አወረድሁ፦

እህቴ እያልሁ ስጠራሽ ዝም ካልሽኝ፣
ማን አላት ብለሽ ነው፣ ለማን የሰጠሽኝ?

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱላት ብዬ ልቤ ረካ። ከኋላ አንዷ "ኧረ ደራሽ መጣች!" አለች፤ ክቡ ፈነዳ። ሳቅ ነበር። የእህቴ አስከሬን ፊት። ስልኮች ተነሡ።

ይህን ለማንም አልተናገርሁም፦ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁ። አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ልክ እንደ መድረክ። ሁለተኛውን ስንኝ የጣልሁት ሳቁ ሲወርድ ጠብቄ ነው። ባሰባቸው። እነሱ ፊቴን አይተው ሳቁ፤ ጊዜ የሰጠኋቸው ግን እኔ ነኝ።

እማማ የሺ፣ የአገሩ አልቃሽ፣ ቀሚሱን ከእጄ ወሰዱት። አንድ ስንኝ አሉ። ሕዝቡ አነባ። እኔ ዳር ቆሜ፣ የእህቴን ለቅሶ ተመልካች።

ጥቅምት 17፣ ረፋድ

ጎረቤታችን ወ/ሮ ዓለምነሽ ሴቶቹን አስከትላ ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች። "ይቅር በይን እታለም። ሐዘኑስ ሐዘን ነበር፤ ያ አፍንጫሽ ነው እንጂ!" አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሴቶቹን ይቅር ብያለሁ። አፍንጫዬን ገና።

አዘጋጁም ደወለ። ነፍስ ይማር አለ፤ ቪዲዮውን አገር አይቶታል አለ፤ ደራሽ የገዛ እህቷ ሞታባት ሰው አላምንሽ ቢላትስ አለ። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ። ክፋቱ፣ ጥሩ ትዕይንት ነው። ዘጠኙን ዓመት የሚያስንቅ። ስልኩን ሳልዘጋ የት እንደምቆም አስቤ ጨርሼ ነበር። አፈርሁ።

ጥቅምት 19

እማማ የሺ ዘንድ ሄድሁ። ለአርባዋ ቃሌን እንድፈጽም ያስተምሩኝ አልሁ። ምስር ይለቅማሉ፤ ቀና አላሉም።

"ስታለቅሺ ቀና ብለሽ ነው። ማንን ነው የምታይ?"

ሰዉን አልሁ።

"ሰውማ የየራሱን ሙት ይዞ ነው የመጣ። ምን አደረገሽ? ተይው።"

ሕጋቸው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከተቀባዮቹ ጋር ከኋላ መቆም፣ ሌላው የሚያወርደውን መመለስ። እሳቸው አራት ዓመት ተቀብለዋል። ለአርባዋ አይደርስማ አልኋቸው። አዎ አይደርስም አሉ፤ ለሙት ዓመቷ እናያለን። ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሟ ከማስታወቂያው አናት የተጻፈ ተዋናይት፣ ተቀባይ ሆና ተቀጠረች። ያውም በሙከራ።

ጥቅምት 22፣ ጠዋት

ለአዘጋጁ ደወልሁ። አልመጣም፤ ትዕይንቱንም አልሠራውም። ለሌላ እንሰጠዋለን አለ፤ ስሟንም ነገረኝ። ጎበዝ ናት። ከእኔ አብልጣ ትሠራዋለች። ስጣት አልሁት። ሁለት ጊዜ ነው ያልሁት፤ የመጀመሪያው አልወጣልኝም።

ሽንዲ መንገድ ላይ አንድ አዛውንት አርፈዋል። አላውቃቸውም። እማማ የሺ ከደጅ ሆነው እየጠሩኝ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ። ከኋላ እቆማለሁ፤ ሲያወርዱ እመልሳለሁ፤ ዓይኔ መሬት ላይ። ሴቶቹ ዞረው ቢስቁም ሳቃቸውን አልጠብቅም። መጣሁ እማማ፣ መጣሁ።