ሠላሳ ሰባት ጥርስ

መካነ ሰላም
ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለኪዳን፤

ሰላምታዬ ይህን ጭጋግ ሰንጥቆ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ካለህበት ይድረስ። ፍልሰታን በሰላም ፈታን። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ ከዚህ በላይ መለመን ያሳፍራል። ክረምቱ ዘንድሮ ከብዷል። ጠዋት በሩን ስከፍት ደመናው እንደ ከብት ግቢው ውስጥ ተኝቶ አገኘዋለሁ። አንዳንድ ቀን እስከ እኩለ ቀን አይነሣም። ያን ጊዜ ሥራም የለ፣ ሰውም አይታይ፤ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያለሁበትን እረሳዋለሁ።

መልእክትህን ያመጣችልኝ ዘይነባ ናት። ሻይ ቤቷ አሁንም ፊት ለፊታችን ነው። ስልኳን በነጠላዋ ከዝናብ ሸፍና መጥታ አነበበችልኝና፣ "ጋሽ አለኸኝ፣ አራት ዓመት ጠፍቶ ጠፍቶ የሚጠይቅዎ ስለ መኪና ቂጥ ነው?" አለችኝ። አነጋገሯን ታውቃለህ። እኔ ግን ደስ ነው ያለኝ። በበዓል በበዓል "እንኳን አደረሰዎ" ከምትለኝ በቀር ይህን ያህል ረጅም ነገር ጽፈህልኝ አታውቅም።

ነገሩን እንደ ገባኝ ልመልስልህና ከተሳሳትኩ አርመኝ። ሻርጃ የምትሠራበት ጋራዥ አንድ ወጣት ለሩጫ የተሠራች መኪናውን አምጥቷል። የፊታችን ዓርብ ሜዳ ላይ ሊያስሮጣት ነው። አለቃህ ለኋላ ጎማዋ ያገለገለ ዲፈረንሻል ገዝቶላታል፤ የማርሹ ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ ግን ወድቃለች። እሱ አራት ነጥብ አንድ ነው፣ ዝጋው ይልሃል። አንተ ደግሞ ጥርሱን ብትቆጥረው ትልቁ ማርሽ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ትንሹ አሥራ አንድ ሆነብህ። ተናግረህ ብትሳሳት ከሥራ ትባረራለህ። ዝም ብለህ ትክክል ብትሆን ደግሞ መኪናዋ በተሳሳተ ማርሽ ትወጣና የገጠመው ኪዳን ነው ይባላል። መጨረሻ ላይ "ቆጠራዬን አላምነውም፤ አባዬ ምን ይላሉ?" ብለሃል።

ይህችን ዘይነባ ሁለት ጊዜ እንድታነብልኝ አደረግሁ። ልጄ፣ በቆጠራህ ላይ የነበረህን እምነት የወሰድኩብህ እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልመልስልህ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጠየቅኸኝ። ጥርስ ቆጥሮ ትልቁን ለትንሹ ማካፈል ትክክል ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ለአሥራ አንድ ሦስት ነጥብ አምስት አምስት ገደማ ይመጣል። አለቃህ የሚለው እንዲሆን አርባ አንድ ለአሥር መሆን ነበረበት። ሳይከፈት ማወቅ ከተፈለገ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንሣ፤ በክሪክ ብቻ አትመን፣ ከሥር ደገፋ አስገባ። ማርሹን ነፃ አድርግ። ጎማው ላይም፣ ከፊት የሚመጣው ዘንግ ላይም በጠመኔ ምልክት አድርግ። ሁለቱን ጎማዎች እኩል አንድ ሙሉ ዙር እያዞራችሁ ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ቁጠሩ። ሦስት ዙር ተኩል ከሆነ ያንተ ቆጠራ ነው፤ ከአራት ዙር ትንሽ ካለፈ የአለቃህ ነው።

የትኛው ይሻላታል ላልከው፦ ቁጥሩ ሲበዛ ከቆመችበት ዘልላ ትነሣለች፤ ሞተሩ ግን ቶሎ ይጮኻል፣ ማርሹም ቶሎ ያልቅባታል። ቁጥሩ ሲያንስ ስትነሣ ትጎተታለች፤ ረጅም ሜዳ ካገኘች ግን ሳትደክም ትበርራለች። ጎማዋንም እይ። ከድሮው የሚበልጥ ጎማ ከገጠማችሁላት ቁጥሩን እንደ ቀነሳችሁት ያህል ነው። እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰውየው ወዴት ነው የሚሄደው ተብሎ ነው። ሜዳው አጭር ከሆነ አራት ነጥብ አንዱ ይሻለዋል። ከሩጫው ሌላ በየቀኑ የሚነዳት ከሆነ የመሐሉን፣ ሦስት ነጥብ ሰባት ገደማውን ፈልጉለት።

ወዴት ነው የምሄደው ብዬ የዛሬ አራት ዓመት ራሴን ብጠይቅ ኖሮ ዛሬ እናትህ እዚህ ነበረች ማለት አልችልም። ያን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። አንተ ግን እዚህ ትኖር ነበር።

የዚያን ዓመት የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ትዝ ይልሃል። የፒካፓችን ዲፈረንሻል ተሰብሮ ከደሴ ያገለገለ አስመጣን። ማርሹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን አንዱ ጥርስ ላይ በጠመኔ ነጭ አደረግህበት። ትንሹ አሥራ አንድ መሆኑ ላይ ተስማማን። ትልቁን እኔ ቆጠርኩ። እንደ ልማዴ በጸሎት ነበር፤ አንድ ጥርስ ባሳለፍኩ ቁጥር አንድ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ"። አባቴ እንደዚያ ነበር ዘር የሚቆጥር፣ እኔም ቡሎን ስቆጥር እንደዚያው። አርባ አንድ ላይ ደረስኩና፣ አርባ አንድ ነው አልኩ።

"አባዬ፣ ጠመኔውን እኮ አልፈውታል" አልከኝ።

አላየሁትም ነበር። ዓይኔ ማርሹ ላይ ቢሆንም ልቤ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከልጅነቴ ጀምሮ እግዚኦ አርባ አንድ ነው፤ አፌ ያቆመው ለምዶ እንጂ ጥርሱ አልቆ አይደለም። አንተ ዝም ብለህ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልክ ቆጠርክና ሠላሳ ሰባት አልክ። "ይህ ሲካፈል ሦስት ነጥብ ሦስት ነው፤ ዳገት አትወጣም። ጎማ አንሥተን እናዙረው" አልከኝ። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? "በጸሎት የተቆጠረ አይደገምም" አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን ቃል ስመረምራት እኖራለሁ። ጸሎቱ ንጹሕ ነበር። የረከሰው፣ አርባ አንድ ካልሆነ ብዬ መጽናቴ ነው። ልጄ ፊት መሳሳት አልወደድኩም።

ገጠምነው። ሐምሌ ላይ እናትህ ሆዷን ታመመች። አንተን ለጋራዡ ትቼ ወደ ደሴ ይዣት ወጣሁ። ሜዳው ላይ መኪናዋ እንዴት እንደ ሮጠች! እንደዚያ ሮጣ አታውቅም ነበር፤ እናትህ አልታዬ እንኳን በሕመሟ ውስጥ ሆና ፈገግ አለች። ከአቀስታ ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ግን ጉልበት አጣች። ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ አትሄድም። ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ሽታው ሲመጣ ሁሉ ነገር ገባኝ።

ሚኒባስ አግኝቶን ወደ ደሴ እስኪወስደን አራት ሰዓት ያህል ቆምን። ጭጋጉ መጥቶ መንገዱን ወሰደው፣ ቀጥሎ የመኪናዋን አፍንጫ ወሰደው። የቀረን መስታወቱና እኛ ነበርን። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ "የት ደረስን?" አለችኝ። ደመና ውስጥ ነን አልኳት። "እንዲያውም ደስ ይላል፤ አይንገጫገጭም" አለች። የማይታይ በግ ከታች ይጮኽ ነበር። አንዳንዴ ዛሬም ከዚያ ያልወጣን ይመስለኛል፤ ይህ አራት ዓመት እዚያ ተቀምጠን ሳለን ሸለብ ሲያደርገኝ ያየሁት ሕልም፣ ሚኒባሱም ገና ያልመጣ።

እዚያ ነው ያልኩት። መኪናዋ ምን ሆነች ብላ ስትጠይቀኝ፣ "ኪዳን ቆጠራውን ስቶ ነው" አልኳት።

እሷም፣ "ቢስትም አትቆጣው፤ ልጅ ነው" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ዐረፈች።

እውነቱን ሳታውቅ ሄደች። ሐኪሙ ቀድማ ብትመጣም ላትተርፍ ትችል ነበር ብሎኛል፤ በዚያ እጽናና ነበር። ለዚህኛው ግን መጽናኛ አላገኘሁለትም። ለቅሶው ላይ አጎትህ የኋላሸት መኪናዋ ምን ሆና ነው ሲለኝ ያንኑ ደገምኩለት። አንዴ ከወጣ በኋላ እንደ ዕዳሪ ሣር በራሱ በቀለ። አጎትህ ሰላምታ ነሣህ፤ ባለመኪኖቹም "ልጁ ይቁጠረው?" እያሉ ሣቁብህ። አንተ አንድ ቀን እንኳን "አባዬ ናቸው የቆጠሩት" አላልክም። የእናትህ አርባ በወጣ ማግስት ሄድክ። በሄድክ በሳምንቱ ማርሹን ብቻዬን ፈትቼ፣ ያለ ጸሎት፣ በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩት። ሠላሳ ሰባት ነው። አራት ዓመት ይህን ቁጥር ይዤ ስቆርብ ኖሬያለሁ።

ከቅዳሴ መልስ ወንበር ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ያ ማርሽ ይመጣል። ደመናው ውስጥ ተንጠልጥሎ ያለ ድምፅ ይዞራል፤ ዘይቱ እንደ ማር ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። እቆጥራለሁ። ሠላሳ ሰባት ላይ እናትህ ነጭ ለብሳ ትቆማለች። አፌ ግን አይቆምልኝም፤ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ እያለ አልፏት ይሄዳል።

መልእክትህ በመጣ ማግስት ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ገብረ ኢየሱስ ሁሉንም ነገርኩ። ስግደትና ጾም ያዝዙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ "ለእኔ የነገርከኝ ይቆይና፣ የልጁን ስም ያጠፋኸው የት ነው?" አሉኝ። ሰው ፊት ነው አልኳቸው። "እንግዲያስ መንገዱን ታውቀዋለህ" ብለው ተነሡ።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞሮ፣ አጎትህም ከፊቴ ተቀምጦ ሳለ ተነሣሁ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ኪዳን ትክክሉን ነግሮኝ ነበር፤ ለእናቱም ለእናንተም የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። አጎትህ ዋንጫውን አስቀመጠና፣ "የእህቴን ልጅ አራት ዓመት ሰላምታ ያስከለከልከኝ አንተ ነህ?" አለኝ። አዎ አልኩት። ተነሥቶ ወጣ። ስወጣ ቅጽሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ስልክህን ከዘይነባ እንደሚወስድና ራሱ እንደሚደውልልህ ነገረኝ። ለእኔ እጁን አልሰጠኝም። አልፈርድበትም፤ አንተም ባትሰጠኝ አልፈርድብህም።

ዘይነባ ይህን ወረቀት ፎቶ አንሥታ ትልክልሃለች። ታንብበው፤ ከእንግዲህ የምሸሽገው የለኝም።

አሁን ዓርብ ሳይደርስ ይህን አድርግ። ለአለቃህ ተሳስተሃል አትበለው፤ ጎማውን አብረን እናዙረው በለው። እንቢ ካለ ብቻህን አዙረውና ያየኸውን ንገረው። ቢቆጣም ይቆጣ። እኔም ያን ቀን ተቆጥቼ ነበር፤ ትክክል አላደረገኝም። እኔ ከዚህ ሆኜ ያንን ማርሽ አላየሁትም። የቆጠረውን ልጅ ግን አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ካለ ሠላሳ ዘጠኝ ነው።

የእናትህ አምላክ እጅህን ይባርክልህ፣ ዓይንህን ይጠብቅልህ። በክፉ ቀን የሚያምንህ ሰው አያሳጣህ። ድንግል ማርያም በወጣህበት ሁሉ ትከተልህ።

ዘንጉ ስንት ዙር እንደ ዞረ ጻፍልኝ። ቁጥሩን ብቻ ብትልክልኝም ይበቃኛል።

አባትህ
አለኸኝ