የፈረሰኛዋ ፊት

መርካቶ፣ መስከረም 13 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተጋጣሚዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ልጅሽ ጥርስ አወጣች አሉኝ፣ እደጊ በያት። ባለቤትሽም ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በስተቀር የምትለዋን እንዳልጨምርባት አክስትሽ እትዬ የሺ በርጩማ ስበው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። በየመሃሉ ቶሎ በል እንጂ፣ መሸ እኮ ይሉኛል። ካርቶኑን ተቀብለው ሊሄዱ ነው የመጡት።

በነሐሴ እዚሁ ሱቅ ድረስ መጥተው ነበር። ለመስቀል አገሯ ስትገባ በአዲስ አበባ ታልፋለች፣ አንድ ሌሊት አውቶቡስ ተራ ታድራለች፣ የአሻንጉሊት ጦሬን ቀብቶ ይጠብቀኝና አንድ ጨዋታ እንጫወታለን ብላለች ሲሉኝ ምን እንደሆንኩ ምን ልበልሽ! ቀይ ቀለም ለጠየቀኝ ሰው አረንጓዴ ሰጥቼ ሸኘሁት። አለቃዬ ጋሼ ዘውገ፣ ምነው ይሄ ልጅ አሞታል እንዴ ብለው ግንባሬን ዳበሱኝ።

አባትሽ የሳልቫጅ ቦንዳ ሲፈቱ ከኮቶቹ መሃል ያቺ ካርቶን የወጣች ቀን ትዝ ይልሻል? አውራ ጣት የሚያክሉ ግራጫ የፕላስቲክ ተዋጊዎች። መመሪያው በማናውቀው ቋንቋ ስለነበር ሕጉን ራሳችን አወጣን፣ ርቀቱንም በአባትሽ የጨርቅ ሜትር ለካን። የሱቃቸው ባንኮኒ ላይ ተደፍተን ስንዋጋ ጎረቤቱ ሁሉ እነዚህ ልጆች ለየላቸው አለን። አንድ ቀን ቀለም እንቀባቸዋለን እንዳልን አንቺ ተዳርሽ፣ ካርቶኗም እኔ ጋ ቀረች።

እኔም የቀለም ሱቅ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ኮርቼ ጀመርኩት። ለካ ከቀለሙ በፊት ፕራይመር ካልተረጨ ፕላስቲክ ቀለም አይዝም። እኛ ሱቅ ያለው ሁሉ ደግሞ ለብረት በርና ለመኪና የተሠራ ነው። መርካቶን ዞርኩት፣ ለአሻንጉሊት ነው ስላቸው ሳቁብኝ። አንዱን ጣሳ በእኔ ወታደር ላይ ብሞክረው ክንዱን እንደ ጧፍ አቀለጠው። ሌላው ወፍራም ነው፣ የጋሻውን ጌጥ ደፈነው። በመጨረሻ ዱባይ ተራ ስስ ሆኖ የሚረጭ አገኘሁ፣ ነጭና ጥቁር። ነጩ ላይ የሚቀባው ቀለም ይፈካል፣ ግን ጥፋት አይደብቅም። ጥቁሩ ጥላውን ራሱ ይሠራልሻል፣ ቀለሙን ግን ያደበዝዘዋል። ነጩ ለአንቺ ጦር፣ ጥቁሩ ለእኔ ይሁን ብዬ ወሰንኩ።

እዚህ ጎረቤት ጋራዥ መኪና የሚቀባው ጃፋር፣ ዝናቡ ይውጣ፣ በእርጥብ አየር እንዳትረጭ ብሎኝ ነበር። ማን ይስማው! አላስችል ብሎኝ በዚያው በነሐሴ ቆርቆሮ ጥግ ተጠልዬ ረጨሁት። ቀለሙ እርጥበቱን ጠጥቶ ሻከረ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ሁልጊዜ ከፊት የምታሰልፊያት ፈረሰኛሽ ዓይኗም አፍንጫዋም ጠፋ። አለቀስኩ ብልሽ ትስቂብኛለሽ፣ ሳቂ። ጃፋር እስኪበቃው ድረስ ሰድቦኝ ቀለም የሚያስለቅቅ የፍሬን ዘይት በጣሳ ይዞልኝ መጣ። ነክሬ አሳደርኳትና በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልኩ ፈተግኳት፣ ፊቷ ተመለሰ። ለካ ትንሽ ፈገግ ትላለች። ያን ሁሉ ጊዜ ስንጫወት አላየሁትም ነበር።

መስከረም ጠባና ፀሐይ ወጣ። መስቀል ሲደርስ መርካቶ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ፣ ሰዉ አገሩ ይገባል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ማንም ሳይገፋሽ መሃል መንገድ ላይ ትሄጃለሽ። ለመርጨት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፣ አቧራ የሚያስነሳ እግር የለማ። ሳንቃ ዘርግቼ በአንድ ስንዝር ርቀት በስሱ ረጨሁት፣ ሲደርቅም ልብስና ጋሻቸውን በቀጭን ብሩሽ ቀለም ቀባሁ። ወይ ሲያምር! ለሰው ላሳይ ዞር ብል ማንም የለም። የሚሊኒየሙ ባንዲራ ብቻ ይውለበለባል። እኔ መቼም የምገባበት አገር የለኝም፣ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። ሰው ሁሉ ሲሄድ ቀሪ ነኝ። ዘንድሮ ግን አንቺ ትመጫለሽ ብዬ ብዙም አልከፋኝም።

ዛሬ ባንኮኒውን ወልውዬ ሁለቱንም ጦር አሰለፍኩ። ሁለት ለስላሳ ገዛሁ። የድሬ አውቶቡስ ገባ ሲሉኝ ሸሚዝ ቀየርኩ። በሩ ላይ ጥላ ባለፈ ቁጥር ስነሳ ስቀመጥ ዋልኩ። በኋላ እትዬ የሺ መጡና መንገዱ አድክሟታል፣ ባለቤቷም እንረፍ አሉ፣ ዕቃውን ብቻ ይላክልኝ ብላለች አሉኝ። ያረፋችሁበትን ሆቴል ሲነግሩኝ ገረመኝ፣ ከሱቃችን ደጃፍ ይታያል። እውነትሽን ነው፣ ከድሬ እዚህ ድረስ ቀላል መንገድ አይደለም። አልተቀየምኩም። ኧረ ውሸቴን ነው፣ በጣም ተቀይሜያለሁ። ለስላሳውን እትዬ የሺ ጠጥተውልኛል።

ካርቶኑን ስትከፍቺ ጥቁሩንም ጦር ታገኚዋለሽ። ተሳስቼ አይደለም፣ ብቻዬን ከማን ጋር እጋጠምበታለሁ? ለጊዜው ልጅሽ እንዳትውጣቸው ከፍ አድርገሽ አስቀምጪያቸው። ስታድግ ነጩን ለእሷ ስጪያትና አንቺ በእኔ ቦታ ቁሚ። አሰላለፌን ታውቂዋለሽ፣ ቀኝ ጎኔን ሁልጊዜ ክፍት እተወዋለሁ። አንተ ሞኝ፣ ይሄን በር መቼ ነው የምትዘጋው እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። በእሱ ገብተሽ ያሸነፍሽ ቀን ነገም እመጣለሁ ትዪኛለሽ። የተሸነፍሽ ቀን ግን አኩርፈሽ ሳምንት ትጠፊብኛለሽ። አንቺም ለልጅሽ እንደዚያው ክፍት ተይላት።

እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። መንገዱ ይቅናሽ፣ ደመራው ወደ መልካም ይውደቅላችሁ፣ ቤትሽን ሰላም አይለየው። ፈረሰኛዋን ከላይ ነው ያስቀመጥኳት፣ ካርቶኑን እንዳትገለብጪው።

ቀኝ ጎኑን የማይዘጋው፣
ተጋጣሚሽ