ፈገግታ ለነፈገኝ ሰሌዳና ላስተከሉት ክቡር ከንቲባ

ለክቡር ከንቲባ ቮልፍራም ዴንከርት
የኦበርሼልባኽ መንደር ምክር ቤት

ክቡር ሆይ፤

እርስዎ፣ ባለቤትዎና ከሁሉም በላይ ለመንደራችን ጸጥታ ዘብ የቆሙት ሁለቱ ጆሮዎችዎ እንደምን ከርማችኋል? እኔ፣ የዚህችን መንደር ጣሪያ ስጠግን ሠላሳ አራት ዓመት ያሳለፍኩት ሩድገር ፎስሆፍ፣ ከጉልበቴና ከክብሬ በስተቀር ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። ባለፈው ዓመት በዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያስተከሉት ሰሌዳ፣ ሞተር ሳይክል በጸጥታ ሲያልፍ አረንጓዴ ፊት ፈገግ እያለ «እናመሰግናለን» የሚለው፣ ሲጮኽበት ደግሞ ቀይ ፊቱን አኮማትሮ «በጣም ይጮኻል!» የሚለው ሰሌዳ፣ በሕይወቴ ውስጥ ከሚስቴ ቀጥሎ ሁለተኛው ዳኛዬ ሆኗል። በምረቃው ዕለት እርስዎ በድምፅ ማጉያ አርባ አምስት ደቂቃ ሲናገሩ ሰሌዳው ከራስዎ በላይ ሆኖ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እንደ ቀላ መዋሉን ሁላችንም አይተናል፤ ከጨዋነት የተነሣ ግን ማንም አላነሣብዎትም። እኔም አላነሣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የነዳኋት ሞተሬ በብርዱ ወራት ማብቂያ ላይ ሞተች። መካኒኩ ኦትማር ሆዷን ከፍቶ አየና «በቃ ሩድገር፣ አልቅስና ቅበራት» አለኝ። ሌላ መምረጥ ግድ ሆነ። ታርጋዬ በየዓመቱ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ብቻ እንድነዳ የሚፈቅድ ስለሆነ የማመነታባት እያንዳንዷ ሳምንት ከዓመቴ ላይ ትቀነሳለች። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን የባለቤቴ የሂልትሩድ ነገር ነው። ከኋላዬ መቀመጥ ከተወች ሦስት በጋ አለፈ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ወገቧን ያማታል» እላለሁ፤ እሷ ግን ስለ ወገቧ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። ሞተሬ በሞተች ሳምንት «የሚቀጥለውን እኔ ሳላየው እንዳትገዛ፤ ካልተስማማኝ ብቻህን ትሄድባታለህ» አለችኝ። ብቻዬን መሄድ እንደማልፈልግ ለእርስዎና ለመላው መንደር መጻፍ አላሳፈረኝም። ለእሷ መናገሩ ነው ያቃተኝ።

ስለዚህ ሦስት እጩዎችን በየተራ ተውሼ በሰሌዳዎ ፊት አሳለፍኩ። ቅሬታዎቼም እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ ሰሌዳዎ ውበት አያውቅም። የመጀመሪያዋ ጣሊያናዊት ነበረች፤ ቀይ፣ ወገበ ቀጭን፣ ሁለት የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ከኮርቻዋ ሥር ሽቅብ የወጣ። እሷ ላይ ስቀመጥ ሃያ ዓመት ተራገፈልኝ፤ ይኸውም በዳቦ ቤቱ መስታወት ውስጥ ራሴን እስካየሁ ድረስ ነው። መስታወቱ ያሳየኝ ሆዱን በነዳጅ ጋን ላይ ያሳረፈ አንድ ጡረተኛ ነው። ሰሌዳው ቀላ። ስህተት ይሆናል ብዬ ዞሬ ተመለስኩ፤ ቀላ። ለሦስተኛ ጊዜ ዕድል ልስጠው ብዬ ስመጣ ደግሞ ደንበኞች ዳቧቸውን ይዘው ሊያዩኝ በር ላይ ወጥተው ነበር። ኦትማር ካንዴላዋን ለማየት ብቻ ግማሽ ቀን ሲፈታ መዋል እንዳለበት የነገረኝ ፊቱ በደስታ በርቶ ነው፤ «ግዛት እንጂ! እኔም የጀመርኳትን የመዋኛ ገንዳ በእሷ የጥገና ሂሳብ እጨርሳለሁ» አለ። ሂልትሩድ መሐረብ የምታህለውን የኋላ ኮርቻ አየችና «ይሄ ለእኔ ነው ለቦርሳዬ?» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ሁለተኛ፤ ሰሌዳዎ ርኅራኄ የለውም። ሁለተኛዋ ረጅምና ቀጭን፣ ወፍጮው ጋ ባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ መሪዋን ሳልጫን ዐይኔን ብቻ ተከትላ የምትታጠፍ ነበረች። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ቁልቁለት ላይ ጮክ ብዬ ስቄያለሁ። ትዕቢት አይሉት ደስታ፣ የሰሌዳውን ፍርድ ቆሜ ላንብብ ብዬ ከፊቱ ፍሬን ያዝኩ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ሊያውቁልኝ የሚገባው ኮርቻዋ ከፍ ያለ መሆኑን፣ እግሮቼ ግን እናቴ ከሰጠችኝ ልክ ያላለፉ መሆናቸውን ነው። እግሬን ወደ መሬት ሰደድኩ፤ መሬት አላገኘሁም። እሷም ሳትቸኩል በግራ ጎኗ ጋደም አለች፤ እኔም አብሬያት። ሞተሩ ጠፋ። ሰፈሩ ጭጭ አለ። አስፋልቱ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ቀና ብል አረንጓዴው ፊት አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ «እናመሰግናለን» ይለኛል። ከሰሌዳዎ ያገኘሁት የመጀመሪያው ምስጋና ይኸው ነው። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ የነበረችው ሂልትሩድ ተራዋን ሳትለቅ «ተሰበርክ እንዴ?» አለች። «አልተሰበርኩም» አልኳት። «እንግዲያው ዳቦው እስኪደርሰኝ እዚያው ቆየኝ።»

ሦስተኛ፤ ሰሌዳዎ ለአስቀያሚ ያደላል። የመጨረሻዋ ጃፓናዊት ስትሆን ቀለሟ በየበራችን ያስቀመጡልን የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ቀለም ነው፤ ቆሻሻ በሚነሣበት በማክሰኞ ማለዳ በር ላይ ባቆማት ሠራተኞችዎ ጭነዋት የሚሄዱ ይመስለኛል። መታጠፉንም ትታጠፋለች፤ ግን እንደ ጥሩ የቢሮ ጸሐፊ ነው፣ የታዘዘችውን ብቻ ትሠራለች። ኦትማር አያትና አዛጋ። «ዘይቷን ቀይርላት፣ ሌላ ምንም አትልህም። እኔስ ከእሷ ምን እበላለሁ?» አለ በቅሬታ። ሂልትሩድ ግን ማንም ሳይጋብዛት ሰፊው የኋላ ኮርቻ ላይ ወጣች፤ ተደላድላ ተቀመጠችና «ይቺ ናት» አለች። ከኦትማር ጋራዥ ጥግ የቆመችውን ጣሊያናዊት ለመጨረሻ ጊዜ ሰርቄ አየኋት፤ ከዚያም ሄልሜቴን አጠለቅሁ።

ሁለታችን በሰሌዳው ፊት አለፍን። ፈገግ አለ። ወዲያው ከጆሮዬ ኋላ ድምፅ ሰማሁ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ሞተር ላይ ሆኜ ከኋላዬ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበርና ደንግጬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

«ያስተከልኩት እኔ ነኝ» አለች ሂልትሩድ።

«ምኑን?»

«ሰሌዳውን ነዋ! ፊርማውን ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ። ያስገባኸው ደግሞ አንተ ነህ፤ ያንን ቡናማ ፖስታ ለከንቲባው አድርስልኝ ያልኩህን።»

ትዝ አለኝ። ፖስታውን ያደረስኩት በቀድሞዋ ሞተሬ ነበር፤ ሞተሩን ላጥፋው እንኳ ሳልል ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ዘረጋሁት፤ ጸሐፊዎም በአንድ እጇ ተቀብላ በሌላው ጆሮዋን ደፍና ነበር። እኔም የሰላምታ መስሎኝ እጄን አውለብልቤላት ሄድኩ።

«ታዲያ ለኔ ለራሴ አትነግሪኝም ነበር?» አልኳት።

«ሃያ ሦስት ዓመት ከኋላህ ሆኜ ስነግርህ አልነበር? መቼ ሰማኸኝ! ቢጨንቀኝ ነው ለከንቲባ የጻፍኩት።»

እስከ ወፍጮው ድረስ እሷ አወራች፤ ስለ እህቷ፣ ስለ አዲሱ የዳቦ ቤት ባለቤት፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ወደ ሉክሰምበርግ ስንሄድ «ወደ ግራ!» እያለች እየጮኸች ወደ ቀኝ ስለ ታጠፍኩበት መገንጠያ። ስላልሰማኋት ያንን ቀን ሙሉ ሳታኮርፍ የዋለች መስሎኝ ነበር። ጠመዝማዛውን ስንወርድ ሞተሯን አላጋደልኩም፣ አልፈጠንኩም፤ መንገዱ እንዳያልቅብኝ በሦስተኛ ማርሽ አዘገምኩ።

በዚህም ምክንያት ከላይ የዘረዘርኳቸውን ቅሬታዎች ሁሉ በገዛ ፈቃዴ ማንሣቴን እያስታወቅሁ፣ በሰሌዳዎ ፊት አንድ ጊዜ በጀርባዬ ተዘርግቼ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ እጅ የነሣሁ፣ ዛሬም ከነባለቤቴ በጸጥታ የማልፍ ታዛዥዎ፣

ሩድገር ፎስሆፍ
ጡረተኛ ጣሪያ ሠሪ፣ የአንዲት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ቀለም ያላት ሞተር ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሂልትሩድን አሁን ስለምሰማት ሌላም ነገር ነግራኛለች። ሁለተኛ ሰሌዳ በምክር ቤቱ አዳራሽ፣ ልክ እርስዎ ቆመው ከሚናገሩበት ቦታ በላይ እንዲተከል ፊርማ እያሰባሰበች ነው፤ እስከ ትናንት ስልሳ ሁለት ሰው ፈርሟል፣ ጸሐፊዎም ጭምር። ፖስታውን የማደርሰው እንደ ወትሮው እኔ ነኝ። ጸሐፊዎ ጆሮዋን ለመያዝ አትቸገር፤ በዚህ ጊዜ ስመጣ ድምፄ አይሰማም።