ትናንት ቦራን ጋለብኩት

ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድህ አባቴ ለከበበው፣
ዲንሾ፣ ባሌ

አባዬ፣ የዲንሾ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህንስ እየቆረጠመህ ነው? ሹፌሩ ጀማሉዲን ባለፈው ወር እህል ጭኖ ወደ ሮቤ ሲያልፍ ለቱሪስቶች ፈረስ ስትጭን አይቶህ ኖሮ፣ “ከስቷል፤ ግን ይስቃል” ብሎ ነገረን። እማዬ “ከስቷል” የሚለውን ይዛ ስትብሰለሰል ዋለች። እኔ “ይስቃል” የሚለውን ያዝኩ።

እኛ ደህና ነን። የምጽፍልህ ግን ደህና ነን ለማለት ብቻ አይደለም። ትናንት እሁድ ቦራን ጋልቤ ተወዳደርኩ።

አትደንግጥ። እግሬ ድኗል። ብዙ ተቀምጬ ስነሳ ትንሽ አነክሳለሁ እንጂ ኮርቻ ላይ ከወጣሁ ማንም አያውቅብኝም።

በአምስት ዓመቴ ኮርቻ ያልተጫነባት የቦራ እናት ጀርባ ላይ አውጥተኸኝ ከላፍቶ እስከ ጀሞ ማሳ ድረስ ስትመራኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል። “ጋማዋን አትጎትቺ፤ እሷ አትጥልሽም” ትለኝ ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ የመጀመሪያዬን መሰናክል ዘለልኩ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከጃንሜዳ ልጆች ጋር ተወዳድሬ ሪባን ይዤ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ለተሳፈረው ሰው ሁሉ “የእኔ ልጅ ናት!” እያልክ በሃፍረት ገደልከኝ። የመካኒሳ ልጆች ገመድ ሲዘሉ እኔ ጋጣ እየጠረግኩ አደግኩ። አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ከዚያ ያ የኅዳር እሁድ መጣ። ስድስተኛው መሰናክል ላይ የቦራ ኮርቻ ዞረ፣ ወደቅኩ፣ እግሬ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ፈረሱን የጫንከው አንተ ነህና ሰው ሁሉ አንተን ወቀሰ። እማዬ አልጋዬ አጠገብ ቆማ “ልጄን ሰበርክብኝ!” ስትልህ አንገትህን ደፍተህ ወጣህ። ወር ሳይሞላ ባሌ ሥራ አገኘሁ ብለህ ሄድክ።

ባለፈው መስከረም ጋሽ ሙሄ ከፈረስ ጋጣው ተነስቶ ቤታችን ድረስ መጣ። “ቦራ ጀርባው ላይ ማንንም አላስወጣ ብሏል። ትመጪለታለሽ ወይስ ልሽጠው?” አለኝ። እማዬ “እኔ ቆሜ አይደረግም!” ብላ መለሰችው። እኔ ግን ተደብቄ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን እርካቡን ረግጬ መነሳት አቃተኝ፤ የቦራን አንገት አቅፌ አልቅሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ሳምንት ወጣሁ። የገና በዓል ሲደርስ መጋለብ፣ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ መዝለል ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ስመለስ እማዬ ሹራቤን አሸተተች። የፈረስ ሽታ መቼም አይደበቅም። በማግስቱ የግልቢያ ሱሪዬን ጉልበቱ ተጥፎ፣ ታጥቦና ታጥፎ አልጋዬ ላይ አገኘሁት።

ትናንት ጠዋት ከቤት ልወጣ ስል ልቤ አልችል አለኝ። “እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ” አልኳት። ለእሷ የነገርኳትን አሁን ለአንተም እነግርሃለሁ።

ያን ቀን ጥፋቱ የእኔ ነበር። ወደ ሜዳው ከመግባቴ በፊት “የኮርቻውን ጠፍር ዳግመኛ አጥብቀሻል?” ብለህ ጠየቅከኝ። እኔ ፎቶ ልነሳ ፀጉሬን እያስተካከልኩ ነበር። ሳልነካው “አዎ፣ አጥብቄዋለሁ” አልኩህ። አንተም አመንከኝ። እማዬ ስትጮህብህ እንቅልፍ ወስዶኝ አልነበረም፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አንተም “ጠይቄያት ነበር እኮ” አላልክም። ለምን ዝም አልክ፣ አባዬ? ታውቅ ነበር አይደል?

እማዬ ይህን ስትሰማ በርጩማው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ቁጣዋን ስጠብቅ “ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ይሠራል? ለባለቤቱ ንገሪው” አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አንስታ “በይ ተነሺ፣ ይረፍድብሻል” ብላ ቀድማኝ ወጣች።

ጠፍሩን ሦስት ጊዜ ፈትሼ ገባሁ። ስድስተኛው መሰናክል ሲቃረብ ልጓሙን ወደ ላይ ሳብኩ፤ ቦራ ግን ጆሮውን ቀስሮ እንደ ድሮው ተነሳ። መሬት ስንረግጥ ከአጥሩ በኩል አንድ ድምፅ ሰማሁ፦ “እጅሽን ዝቅ! እጅሽን ዝቅ አድርጊ!” የአንተ ቃል ነውና መጣህ ብዬ ዞርኩ። እማዬ ነበረች። ፈረስ አልወድም ስትል የኖረች ሴት፣ ራት እየበላን አንተ ስታስተምረኝ ለካ አንድም ቃል አላመለጣትም!

የመጨረሻው መሰናክል ላይ አንድ አግዳሚ እንጨት ጣልን። ሦስተኛ ወጣሁ። ጋሽ ሙሄ “ከበበው ቢኖር ያቺ አግዳሚ አትወድቅም ነበር” አለ። ድሮ ስምህ ሲነሳ እማዬ ተነስታ ትሄድ ነበር። ትናንት ግን “እውነትህን ነው” አለችው።

አባዬ፣ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር፤ እግርህ ሩቅ ሆነብኝ። ይህችን ደብዳቤ እንደ መውደቅ ቁጠርልኝ። የሀና ማርያሟ እመቤት ከብርዱም ከመንገዱም ትጠብቅህ።

ልፈርም ስል እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ “ፋሲካ ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ እንደሚውል ጻፊለት” አለችኝ።

“እሱ አያውቀውም ብለሽ ነው?” አልኳት።

“ተራራ ላይ ሆኖ ቢዘነጋውስ? ጻፊ ብያለሁ፣ ጻፊ!”

ፋሲካ ሚያዝያ 19 ቀን ይውላል፣ አባዬ።

የምትወድህ ልጅህ
ናዝሬት ከበበው